ዋርካ፣ ባህር ዛፍና ማንጎ፦ ክረምት ሳይገባ በጣና ዳር የተሠራ የዛፍ ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ዳሰሳ

ቦታው ባሕር ዳር ውስጥ፣ በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ያለ ግቢ ነው። ሦስት ሥራ አለ። አንደኛው በጀልባ መሳፈሪያው መንገድ ላይ ክንዱን የዘረጋ አሮጌ ዋርካ ነው። ሁለተኛው ወደ ውኃው ያዘነበለ ቀይ ባህር ዛፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተቀጽላ (ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ጥገኛ ተክል) የወረረው ማንጎ። ለሥራው ሚያዝያ መጨረሻ የተመረጠው በምክንያት ነው። የጣና ውኃ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ሲሆን ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ማዕበል የሸረሸረውን ሥር በዓይን ማየት የሚቻለው አሁን ነው። ዝናቡ ከገባ ቅጠሉ ውኃ ይዞ ይከብዳል፣ አፈሩ ይላላል፣ ቅርፊቱም ያንሸራትታል።

ዋርካው ከመሬት 2 ሜትር ከፍ ብሎ በሦስት ትልልቅ ክንዶች ይከፈላል። መንገዱን የሚያለብሰው ክንድ ከግንዱ ሲወጣ 60 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ርዝመቱ 11 ሜትር ያህል ነው። ቀደም ሲል በገጀራና በመጥረቢያ የተቆረጡ የሦስት ቅርንጫፎች ጠባሳ አለበት። አንዱ ከክንዱ ጋር እኩል ተደርጎ ተልጧል፤ ሁለቱ ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል ተርፈው ደርቀዋል። ሦስቱም በስብሰው ውስጥ ለውስጥ ተገናኝተዋል። በዚህ ከተማ ትልልቅ ዛፎች ላይ የምናየው ችግር አብዛኛው ከተባይ የመጣ አይደለም፤ ከአሮጌ አቆራረጥ የመጣ ነው። ዛፍ የተቆረጠ ቦታን መልሶ አይጠግንም። ዙሪያውን አጥሮ በአዲስ እንጨት ይሸፍነዋል። ያን የሚሠራው ደግሞ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ወፈር ብሎ እንደ አንገትጌ የሚታየው ክፍል ነው። አንገቱ ከተላጠ አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው። ጉቶ ረዝሞ ከቀረም ቅርፊቱ ሊሸፍነው አይችልም፤ ይደርቅና ለብስባሽ መግቢያ ይሆናል። ዋርካና ሾላን የመሰለ ለስላሳ እንጨት ያለው ዛፍ ላይ ብስባሹ ቶሎ ወደ ውስጥ ይሄዳል።

ባዶነቱ በእንጨት መዶሻ እየተመታ ተለካ። ጤነኛው ክፍል ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው ይጮኻል። በአሮጌው ቀዳዳ ቀጭን ብረት ገብቶ ሲታይ የጎኑና የታችኛው ግድግዳ ከ11 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የላይኛው ግን 6 ብቻ። መለኪያችን ግልጽ ነው፦ ጤነኛው ግድግዳ ከክንዱ ግማሽ ውፍረት ሲሦ ገደማ ሊሆን ይገባል። እዚህ ግማሽ ውፍረቱ 30 ስለሆነ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር እንፈልጋለን። ክንዱ ሲጎብጥ የሚወጠረው የላይኛው በኩል ነው፤ የቀጠነውም እሱ ነው። ውሳኔው ክንዱን ማሳጠርና ሸክሙን መቀነስ ሆነ። ከሥሩ ብንቆርጠው ግንዱ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቁስል ይቀራል፤ ይህ ዋርካ ያን ሊሸፍን አይችልም።

ንብ መኖሩ የሚታየው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። በጠዋቱ ቅዝቃዜ ቀዳዳው ባዶ ይመስላል። ስለዚህ ከ4 ሰዓት በኋላ ተመልሰን አየን፤ ጉንዳን እንጂ ንብ የለም። የወፍ ጎጆም የምንቆርጠው ክንድ ላይ አልተገኘም። ሌላኛው ክንድ ላይ አንድ አለ፤ እሱ አይነካም።

ባህር ዛፉ ላይ ዋናው ጥያቄ ማዘንበሉ አዲስ ነው ወይስ የቆየ የሚለው ነው። እዚህ አፈሩ ዋልካ ስለሆነ በበጋ ሁሉም ቦታ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቅ ስለታየ ብቻ ሥሩ ተነሥቷል አይባልም። የድርቅ ስንጥቅ በሁሉም አቅጣጫ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ሥሩ ሲነሣ ግን ስንጥቁ ዛፉ ካዘነበለበት በተቃራኒ በኩል ግንዱን እንደ ቅስት ይከባል፤ አፈሩም እብጥ ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችንካር ይተከልና በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለካል። ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ እንደገና ይለካል። እዚህ ከሰዓት በኋላ 4 ሚሊ ሜትር ተከፈተ፤ ነፋሱ ሲበርድ ተመለሰ። በዚያ ላይ ከግንዱ ሥር የምስጥ ጭቃ አለ። ይህ ዛፍ መነሣት አለበት።

የመብራት መግቢያ ሽቦ በዋርካው ቅጠል መካከል ያልፋል። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከቻ ገብቶ ለረቡዕ ጠዋት መስመሩ እንዲቋረጥ ቀጠሮ ተያዘ። የመቁረጫ ፈቃዱም አብሮ ተጠየቀ። መብራት ስለጠፋ ብቻ ሽቦ አጠገብ ሥራ አይጀመርም። በማንኛውም ደቂቃ ሊመለስ ይችላል፤ በስህተት የተገጠመ የጎረቤት ጄኔሬተርም ወደ መስመሩ ኃይል ሊሰድ ይችላል። ባለሙያው መጥቶ ፈትቶ ሲለካ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፦ መሣሪያ

የሞተር መጋዙ 50 ሲሲ፣ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) 45 ሴንቲ ሜትር ነው። የሰንሰለቱ ልክ 0.325 ኢንች ስለሆነ የሚሞረደው በ4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው። ሞረዱ 30 ዲግሪ ተይዞ፣ ውፍረቱ አንድ አምስተኛ ከጥርሱ በላይ ወጥቶ ወደ ፊት ብቻ ይገፋል። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ሦስት ግፊት። የአንዱ ወገን ጥርሶች ካጠሩ መጋዙ ሲቆርጥ ወደ አንድ ጎን ይጠመዝዛል። ብዙ ሰው ባሩን ይወቅሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሞረዱ ነው። ከጥርሱ ፊት ያለችው አጭር ጉብታ ደግሞ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለባት። ከዚያ በላይ ከወረደች መጋዙ እንጨቱን እየነከሰ ይዘላል፤ ሳትወርድ ከቀረች ደግሞ ጥርሱ ስለታም ሆኖም አይበላም። ፍተሻው ሰጋቱራው ነው። ቁርጥራጭ ሆኖ ከተፈናጠረ ስለታም ነው፤ ዱቄት ከሆነ ደንዟል። በደነዘ መጋዝ ላይ መጫን ባሩን ያግላል፣ ክንድ ያዝላል፣ አደጋም ይጠራል።

ነዳጁ 50 ለ1 ነው፦ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ቱ ስትሮክ ዘይት። በሃይላንድ ክዳን መገመት ሞተር ይገድላል፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ትክክል ይለካል፣ ርካሽም ነው። የሳምንቱ ብቻ ይቀላቀላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር ነዳጅ ያበዛል። ምልክቱ ጥቁር ካንዴላና የሚያንኮራፋ ድምፅ ነው። ማስተካከያው በካቻቪቴ ትንሽ በትንሽ ይጠበቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ድምፁ ይቀጥናል፣ ኃይል የጨመረ ይመስላል፣ ዘይቱ ግን አይደርስም፤ ፒስተኑ ይጨረሳል። ሥራ በሌለበት ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ ትንሽ መንተባተብ፣ እንጨት ሲነካ መጥራት፤ ልኩ እሱ ነው።

ለሰንሰለቱ የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚጠቀም ብዙ ነው። እኛ አንጠቀምም። ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይት ፓምፑን ይበላል፤ በተለይ ደግሞ መጋዝ ዘይቱን እየረጨ ነው የሚሠራው፣ የተረጨው በመጀመሪያው ዝናብ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ለእንዲህ ያለ ቦታ የምግብ ዘይት ይሻላል። ኑግ ዘይት ግን ካደረ ይረጋና ይጣበቃል። ስለዚህ ማታ ላይ ሰንሰለቱ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ የባሩ ቦይም በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል። የዋርካ ወተትም የሚለቀው በዚሁ ነው።

ገመድ፦ ለማውረጃ 14 ሚሊ ሜትር ፖሊስተር፣ 50 ሜትር። ለመውጫ የተለየ ገመድ አለ፤ ሁለቱ አይለዋወጡም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እየተዳሰሰ የሚያልፈው በየጊዜው ነው። የጠነከረ፣ የቀለጠ ወይም የሳሳ ቦታ ከተገኘ ከዚያ ላይ ይቆረጣል። ቃጫ ገመድ ለማውረጃ አይሆንም፤ እርጥበት ውስጥ አድሮ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ አይታወቅም። ቋጠሮ የገመድን ጥንካሬ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ስለሚችል ጭነቱ ገመዱ ከሚበጠስበት አንድ አሥረኛ አይበልጥም።

ክብደት በግምት ሳይሆን በስሌት ነው። እርጥብ እንጨት አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ አንድ ሜትር የሚረዝም 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ 31 ኪሎ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ 70፤ 40 ሴንቲ ሜትሩ ደግሞ 125። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሰው ለሚይዘው ገመድ ይህን አለማወቅ አደገኛ ነው።

ረቡዕ፦ ዋርካው

ሥራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተጀመረ። እስከ 5 ሰዓት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ከውኃው ወደ ምድር ይነሣል፣ ያን ጊዜ ዛፉ ላይ ያለ ሰው መውረድ አለበት። የመብራት ባለሙያው 2 ሰዓት ላይ መስመሩን ፈታ፤ እስከዚያ ከሽቦው ርቆ ያለው በኩል ብቻ ተሠራ። መንገዱ በሁለቱም ጫፍ በገመድ ተዘጋ፣ በእያንዳንዱ ጫፍም አንድ ሰው ቆመ። ሰው ካልቆመበት የጀልባ ተሳፋሪ ገመዱን አልፎ ይመጣል።

ገመዱ ወደ ላይ የወጣው በቀጭን ሲባጎ ጫፍ ላይ 300 ግራም አሸዋ የያዘች ከረጢት ታስራ እንደ ወንጭፍ እየተወዛወዘች ተወርውራ ነው። የተመረጠው መንጠልጠያ ከ15 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ሕያው ቅርንጫፍ ሲሆን ሰው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰዎች አብረው ተንጠልጥለው ፈተኑት። የብረት ሹል ጫማ ላይ ታስሮ የሚወጣው ለሚቆረጥ ዛፍ ብቻ ነው። ለሚኖር ዛፍ እያንዳንዱ ውጋት አዲስ ቁስል ነው፤ ዋርካ ላይ ወዲያው ወተቱ ሲወርድ ይታያል።

መጀመሪያ የደረቁት ወረዱ። ደረቅ ቅርንጫፍ ሳይታሰብ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እየተጸዳ ነው የሚወጣው። እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያለው በሙሉ በእጅ መጋዝ ተቆረጠ፣ ሲጎተት በሚበላ ጥምዝ መጋዝ። ላይ ሆኖ የሞተር መጋዝ ማንሣት የሚገባው ግድ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም በሁለት እጅ ተይዞ፣ ቆራጩ ከመውጫ ገመዱ ሌላ በሁለተኛ ማሰሪያ ታስሮ ነው።

ክንዱን ማሳጠር ዋናው ሥራ ነው። ከጫፉ 3 ሜትር ገባ ብሎ ወደ ላይ የሚያድግ ጎን ቅርንጫፍ አለ። ውፍረቱ ከሚቆረጠው ቢያንስ ሲሦ መሆን አለበት፤ ያነሰ ከሆነ የቀረውን ክፍል መመገብ አይችልም፣ ክንዱ ወደ ኋላ ይደርቃል። እዚህ የሚቆረጠው 24፣ የሚቀረው 11 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይበቃል። የሚቆረጠው 3 ሜትር ወደ 140 ኪሎ ነው፤ ከነጭራሮው ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በገመድ ወረደ።

አቆራረጡ በሦስት ደረጃ ነው። መጨረሻ ከሚቆረጥበት ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ከታች ሩብ ያህል ይቆረጣል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ከላይ ይቆረጥና ቅርንጫፉ ይወድቃል። የቀረው ጉቶ ቀላል ስለሆነ በእጅ ተደግፎ ከአንገቱ ውጭ ባለው መስመር ይስተካከላል። የታችኛው ቁርጥ ከቀረ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ቅርፊቱን ገፍፎ እስከ ክንዱ ሆድ ይወስዳል። መጋዙ ከታች ብዙ ከገባም ችግር ነው፦ የታችኛው በኩል ተጨምቆ የሚኖር ስለሆነ ባሩን ይነክሰዋል። ሩብ ላይ መቆም ለዚህ ነው።

የማውረጃው ገመድ ከላይ በመዘውር አልፎ ከታች የዋርካውን ግንድ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል። ለከባዱ ቁራጭ ሦስተኛ ዙር ተጨመረ። ይህ ሰበቃ ነው አንድ ሰው 70 ኪሎ እንዲይዝ የሚያስችለው። ገመድ በእጅ ላይ አይጠመጠምም፤ እግር ሥርም አይተውም። መዘውሩ የታሰረበት ቅርንጫፍ የጭነቱን እጥፍ ያህል ይሸከማል፤ ቁራጩ በድንገት ከተያዘ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ታች ያለው ሰው ቁራጩ ሲለቅ ወዲያው አይይዘውም፤ ትንሽ አሩጦ ቀስ ብሎ ያቆመዋል። ቃላቱ ሦስት ብቻ ናቸው፦ «ያዝ»፣ «ላላ»፣ «ቁም»። ታች ያለው ደግሞ መልሶ ይናገራቸዋል። መልስ ካልተሰማ ላይ ያለው አይቆርጥም።

ሐሙስ

የቀሩት ሁለት አሮጌ ጉቶዎች ተነሡ። ደረቁ ዙሪያ ሕያው ቅርፊቱ እጥፍ ብሎ መሸፈን ጀምሯል፤ የተቆረጠው ደረቁ ብቻ ነው፣ አዲሱ ጥቅል አልተነካም። ቀዳዳው አልተሞላም። ሲሚንቶ መሙላት የቆየ ልማድ ነው፤ ዛፉ ሲወዛወዝ ሲሚንቶው ስለማይታጠፍ ግድግዳውን ይፍቃል፣ ውኃም ያቁራል። ቁርጡ ቀለም ወይም ግሪስ አልተቀባም፤ ቅቡ ሲሰነጠቅ እርጥበት ከስሩ ይዞ ብስባሹን ያግዛል። የዋርካ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት ለሰጋቱራ ብቻ አይደለም።

ከዛፉ የተወሰደው ሕያው ቅጠል ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ አይሞላም። ለአሮጌ ዛፍ ከሩብ በላይ በአንድ ጊዜ መውሰድ መበደል ነው። ተመልሶ የሚያወጣው ቀጥ ያለ፣ ደካማ መያዣ ያለው ቡቃያ ሲሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ እሱም ይገነጠላል።

ዓርብ፦ ባህር ዛፉ

ቁመቱ 22 ሜትር፣ ውፍረቱ በደረት ከፍታ 42 ሴንቲ ሜትር። ያዘነበለው ጀልባ ወደሌለበት ክፍት ዳርቻ ስለሆነ በዚያው ይወድቃል። አደጋው ሌላ ነው። ወደ ፊት ያዘነበለ ባህር ዛፍ ከኋላ በተለመደው መንገድ ሲቆረጥ፣ ቁርጡ ሳያልቅ ግንዱ ለሁለት ይሰነጠቅና የኋላው ግማሽ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ቆራጩን ይመታል። የባህር ዛፍ እንጨት በውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው ከሌላው ይልቅ ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ እንጨቱ ተፈተነ። የመጋዙ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ትንሽ ሲገባ ቡናማ ዱቄትና ጭቃ ወጣ፤ ምስጥ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን ቀይ፣ እርጥብ ቁርጥራጭ ወጣ። በምስጥ የተበላ እንጨት ዛፉን እንደ ማጠፊያ ይዞ ሊመራው አይችልም። ስለዚህ መቁረጫው ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ።

ዛፉ በሚወድቅበት በኩል የፊቱ አፍ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተከፈተ፣ የውፍረቱ ሩብ ያህል። ከዚያ ከኋላ ሳይሆን ከጎን ባሩ ውስጥ ለውስጥ ተወግቶ ገባ፤ በባሩ ጫፍ የታችኛው ሩብ ተጀምሮ ነው፣ በላይኛው ሩብ ከተነካ መጋዙ ወደ ቆራጩ ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ከፊት 4 ሴንቲ ሜትር ማጠፊያ፣ ከኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ማቆያ ቀርቶ መሐሉ ተቆረጠ። በዚህ ጊዜ ዛፉ ቆሟል፤ ቆራጩ ተረጋግቶ ይመለከታል፣ መሸሻውን ያያል። መሸሻው ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ሰያፍ ነው፤ ድንጋዩና ጭራሮው አስቀድሞ ተጠርጓል። ሌላ ሰው ሁሉ ከዛፉ ቁመት እጥፍ ርቆ፣ 44 ሜትር። ከዚያ ማቆያው ከውጭ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቆረጠና ዛፉ ሳይሰነጠቅ ሄደ።

መሬት ላይም ጥንቃቄው አላለቀም። በሁለት ጫፍ ተደግፎ መሐሉ የተንጠለጠለ ግንድ ከላይ ተጨምቋል፣ ከታች ተወጥሯል። ከላይ ሲሦ ብቻ ይቆረጥና ከታች ይጨረሳል። ባሩ ከተያዘ ከወይራ የተጠረበ ሽብልቅ ይገባል። የብረት ሽብልቅ ሰንሰለት አጠገብ አይቀርብም። ቁልቁለት ላይ ቆራጩ የሚቆመው ከግንዱ በላይ ነው።

ጉቶው ወደ መሬት ተቆርጦ ቅርፊቱ እስከ አፈሩ ታች ተላጠ። ባህር ዛፍ ካልተላጠ ያቆጠቁጣል። ሐይቅ ዳር ስለሆነ የአረም መድኃኒት አልተጠቀምንም። የሚወጣው ቡቃያ ለምለም ሳለ በየስድስት ሳምንቱ በምሳር ይመታል፤ ሥሩ ያከማቸውን ሲጨርስ ይተዋል። ጉቶው አልተነቀለም፤ የሞተ ሥርም ቢሆን ዳርቻውን ለጥቂት ዓመት ከማዕበል ይይዛል፣ እስከዚያ ሌላ ይተከላል።

ቅዳሜ፦ ማንጎና ጽዳት

ማንጎው ፍሬው ገና ስላልተለቀመ አጠቃላይ የቅርንጫፍ ቆረጣው ከለቀማ በኋላ ይሆናል። አሁን የወጣው ተቀጽላ ብቻ ነው። ተቀጽላውን መቀንጠስ ዋጋ የለውም፣ ሥሩ ቅርንጫፉ ውስጥ ስለሚሄድ መልሶ ይወጣል። ከተጣበቀበት 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ግንዱ ገብቶ ቅርንጫፉ ይቆረጣል። ዋናው ግንድ ላይ የተጣበቁት ሁለቱ ግን በየዓመቱ ፍሬ ሳይዙ ይላጣሉ፤ ወፍ የሚያሰራጨው ፍሬውን ነው። ቅጠሉ ላይ የማንጎ ነጭ ተባይ አለ፤ ነጭ ነጥቦቹ የተሰበሰቡበት የታችኛው ጥቅጥቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ከለቀማ በኋላ መሐሉ ተከፍቶ ብርሃን ሲገባ ይቀንሳል፤ የሚረጨውም መድኃኒት ያን ጊዜ ነው ቅጠሉን የሚያገኘው።

ጭራሮው በገጀራ ተከትክቶ ለማገዶ ሄደ። አጣና የሚሆነው የባህር ዛፍ ጫፍ ተለየ። ቅጠልና ሰጋቱራ ሐይቁ ውስጥ አይጣልም፤ ሲበሰብስ የውኃውን አየር ይወስዳል። የዋርካው ቅጠል ከሥሩ ላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ተነጠፈ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ። ግንዱን ከነካ ቅርፊቱን ያረጥበዋል፣ ምስጥም ይጠራል።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ

ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ዋርካው ታየ። የክንዱ ጫፍ ከመሬት ያለው ከፍታ ከሥራው በኋላ ከተለካው 2 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ተመለሰ። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ካልተመለሰ ወይም በላይኛው ቀጭን ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ከታየ መንገዱ ይዘጋና ክንዱ እንደገና ያጥራል። ቁርጦቹ ዙሪያ ወተቱ ደርቋል፤ ብስባሽ ሽታ የለም። ከሽቦው ያለው ርቀት 2 ሜትር ተኩል ነው። የባህር ዛፉ ጉቶ በሐይቁ በኩል ሦስት ቡቃያ አውጥቷል፤ ቅርፊቱ በደንብ ያልተላጠው እዚያ ስለሆነ እንደገና አፈሩ ተገፍቶ ተላጠ። የሚቀጥለው ልኬት መስከረም ላይ፣ ውኃው ከፍ ሲል ነው፦ የክንዱ ከፍታ፣ በዋርካው ሥር ማዕበሉ የወሰደው አፈር፣ የማንጎው ተቀጽላ።